ሞተሩ ላይ ያደረ ባና

ዛሬ ጠዋት ቀየት ከተማ በጉም ተሸፍና፣ አሮጌዋ መኪናዬ አልነሳም አለችኝ። ኮፈኑን ስከፍት የራሰ የበግ ፀጉር የሸተተኝ መሰለኝ፤ የአያቴ ባና ሽታ።

በልጅነቴ አጎቴ ዘመሮ ላይ ሰው የሚያመላልስባት አሮጌ መኪና ነበረችው። ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ታስልና ትጠፋለች። ባትሪውን ቀየረ፣ ካንዴላውን ጠረገ፣ መላ አላገኘም። አንድ ቀን ማልዶ ኮፈኑን ቢከፍት፣ አያቴ ዝናብ ላይ ለብሰውት የዋሉት ባና ሞተሩ ላይ ተደርቧል። የካንዴላዎቹ ገመዶች ውሃ አዝለዋል።

«አባባ፣ እንዳትነሳ ያደረጋት እኮ ይሄ ነው! እርጥብ ነው።»

«እኔንስ ሲያሞቀኝ የኖረው እርጥብ ሆኖ አይደል?» አሉ አያቴ ተቆጥተው። «ብረት ናት ብለህ ብርድ ላይ ታሳድራታለህ?»

ከዚያም ወዲያ አያቴ ማታ ማታ ማልበሳቸውን አልተዉም፤ አጎቴም ጠዋት ከእሳቸው ቀድሞ እየተነሳ ገመዶቹን በጨርቅ ያደርቅ ነበር።

እኔም ዛሬ ገመዶቹን ጠራርጌ አደረቅኋቸውና ተነሳች። አመሻሽ ላይ ጉሙ ተመልሶ ሲወርድ ግን፣ ከአያቴ የቀረልኝን ባና ከትከሻዬ አውርጄ መኪናዋ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።