የመርከበኞቹ የክርስትና ስም

አጎቴ በደርግ ጊዜ ምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግለው ደባርቅ የተመለሱ ሰው ነበሩ። ከመርከብ ጋር ለሰጠሙት ስድስት ጓደኞቻቸው በየዓመቱ ፍትሐት ያስደርጉ ነበር፤ የክርስትና ስማቸውንም አንድ ሳይስቱ ለቄሱ ይነግራሉ።

እኔ በእነዚያ ሙታን እቀና ነበር። ከአጎቴ ጋር የኖርኩት፣ ልብሳቸውን የማጥበው እኔ የወንድማቸው ልጅ ነኝ።

«ጋሼ፣ የኔንስ የክርስትና ስም ያውቁታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንቺ መቃብር አታጪም» አሉኝ። «ባሕር የቀረ ሰው ግን ያለው ስሙ ብቻ ነው። መልሕቅ ሳናነሳ አንዳችን የሌላችንን ስም በቃላችን እንይዝ ነበር።»

አኩርፌ ዋልኩ።

እሳቸው ሲያርፉ የነፍስ አባታቸው ቀድመዋቸው ሞተው ነበርና፣ አዲሱ ቄስ ለፍትሐቱ የክርስትና ስማቸውን እኔን ጠየቁኝ። አላውቀውም። የሚያውቁት እነዚያ ስድስቱ ነበሩ። ዛሬም እቀናባቸዋለሁ።