ሳትፈራ ምዘዘው

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቢቸና ላይ ነው። ሰው በጠላቱ ይጎዳል፤ እኔን የጎዳኝ ግን ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ከሆዴ ያልወጣው ለዚህ ነው።

ያኔ የሐጅ ሰይድ ወፍጮ ሞተሪስት ነበርኩ። ሐጅ የሞጣ ነጋዴ ናቸው፤ አልፎ አልፎ ብቅ ብለው ያዩን ነበር። ሞተሩን የተከሉላቸው ጋሼ አድማሱ የሚባሉ የሞጣ መካኒክ ናቸው። እኔንም ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ አበልጅ ሆንን። እኔ ከበረታሁ ወዲህ ግን ሞተሩ ሲበላሽ እሳቸውን የሚጠራ ጠፋ። ይህ ያስከፋቸዋል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም፤ ሞኝ ነበርኩ።

አንድ ጠዋት ሞተሩ አልነሣም አለ። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ብልጭታ የለውም። እሳቱን የሚሰጠው ማግኔቶ የሚባለው ዕቃ በብረት ክዳን የተደፈነ ነው፤ ከፍቼው አላውቅም። ለመጠገን ውስጡ የሚዞረውን መምዘዝ ግድ ነው። ማግኔቶ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። በአንዱ ማግኔቱ ራሱ ይዞራል፤ ያንን እንደ ልብ መምዘዝ ይቻላል። በሌላው ማግኔቱ ባለበት ቆሞ የሚዞረው ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት ነው። ይህንን ከመምዘዝ በፊት ማግኔቱን ሌላ ብረት ማስነከስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጉልበቱ ይሞታል። የእኛ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም።

ወደ ሞጣ ለሚሄድ ሾፌር ለጋሼ አድማሱ የሚሰጥ ደብዳቤ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። የእጅ ጽሕፈታቸው ነው፤ «የሚዞረው ማግኔቱ ነው። ሳትፈራ ምዘዘው። አበልጅህ አድማሱ» ይላል።

በእርግጥ መለያ ዘዴ ነበረኝ። በማግኔት የታሸ መርፌ በክር አንጠልጥሎ አጠገቡ ማቆምና ማግኔቶውን በእጅ ማዞር ነው፤ የሚዞረው ማግኔቱ ከሆነ መርፌው ይገላበጣል። ባለቤቴ መርፌውን ክር አስገብታ አቀብላኝም ነበር። ግን አፈርኩ። የአበልጅን ቃል እንደ ሌባ ቃል ልፈትን? መርፌውን መለስኩላት።

«ክርስትና ያነሣ ሰው ይዋሻል እንዴ?» አልኳት።

ስመዘው ሽቦ ነው። ወዲያው መልሼ ከተትኩት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ማግኔቱ ሚስማር እንኳ መያዝ አቅቶት ነበር። ለፋሲካ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች እህላቸውን እንደተሸከሙ እየረገሙኝ ተመለሱ።

ሐጅ በሳምንቱ ደረሱ። ጋሼ አድማሱንና ሌላ ማግኔቶ ይዘው ነው የመጡት። ጋሼ ገጥመው ሞተሩን አስነሡት፤ የተሰበሰበው ሰው አደነቃቸው። ከዚያ ለሐጅ፣ ልጁ ክፉ አይደለም፣ የማያውቀውን መነካካቱ ነው እንጂ፣ ብለው አዘኑልኝ። ሐጅ ፍርድ አዋቂ ሰው ናቸው፤ ቅር እያላቸው የወፍጮውን ቁልፍ ተቀበሉኝና ለጋሼ አድማሱ ሰጡ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። አበልጅን በአደባባይ ማዋረድ ከበደኝና አላወጣሁትም።

ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ዓይነቱን ዘንግተውት ነው?» አልኳቸው። መስማት የፈለግሁት አዎ የሚል ቃል ብቻ ነበር።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «እኔው የተከልሁትን እዘነጋለሁ? አንተ ሁሉን ካወቅህ እኔን ማን ይጠራኛል?» አሉኝ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ የዚያን ቀን ገባኝ። ቢቸናን ለቅቄ ሌላ አገር ሠርቼ አደርኩ። እንጀራ አላጣሁም። ሰው ማመን ግን እንደ ድሮው አልሆነልኝም።

ከዓመታት በኋላ መርዷቸው መጣ። ሞጣ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። ለቀስተኛው፣ አበልጅህ ናቸው፣ አልቅሰህ እርምህን አውጣ ይለኛል። እንባ እምቢ አለኝ። ሐዘኑ አደረቀው ብለው አዘኑልኝ። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ያን ቀን ዘንግቼው ነው ብለው ቢዋሹኝ ኖሮ፣ አምኜ አለቅስላቸው ነበር።