አለቃው ሪዝ ያሳደገ ጊዜ

አለቃው በሃምሳ ዓመቱ ሪዝ አሳደገ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ከአናቱ የሸሸውን ፀጉር ለማካካስ ይሆናል። የቤት ፕላን የሚነድፍ ቡድን ይመራል። ከቡድኑ ግማሹ ቢሮ፣ ግማሹ ቤቱ ሆኖ ስለሚሠራ ስብሰባው ሁልጊዜ በቪዲዮ ነው። ሪዙ መጀመሪያ የላይኛውን ከንፈር ሸፈነ፤ ከዚያ የታችኛውንም መሻማት ጀመረ።

ቤታቸው ሆነው ከሚሠሩት ነዳፊዎች አንዷ ጆሮዋ አይሰማም። ቢሮ ውስጥ ሰው ዞር ብሎ ሲያወራ ያመልጣታል። ቤቷ ግን የሁሉም ፊት ስክሪኑ ላይ ስለሚደረደርላት ከንፈር እያነበበች ከማንም እኩል ትሠራ ነበር። አንድ ቀን በስብሰባ መሀል፣ "ጋሼ፣ ሪዝዎን ትንሽ ቢያሳጥሩት?" አለች። ሁሉም ሳቀ። አለቃው "ቅናት ነው!" ብሎ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ስህተት በስህተት ሆነች። ይባስ ብሎ የአንዱን ቤት የወጥ ቤት በር በመኝታ ቤት በኩል አወጣችው። አለቃው በስብሰባ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ቤት ተቀምጠሽ ልብሽ ሥራው ላይ የለም። ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ቢሮ ትገቢያለሽ። አሁንም ከተሳሳትሽ እንለያያለን" አላት። ይህንንም ቢሆን ግማሹን ብቻ ነው የያዘችው፤ የቀረውን ባልደረባዋ ጽፋ ላከችላት።

እሁድ አለቃው ለእናቱ በቪዲዮ ደወለ። ያወራል፣ ይጠይቃል፤ እሳቸው ዝም ብለው ያዩታል።

"እማዬ፣ ምነው አትመልሺልኝም?"

"ምኑን ልመልስልህ ልጄ? ጆሮዬ ከደከመ ሰነበተ። አፍህን እያየሁ ነበር የምሰማህ፤ እሱንም በቁጥቋጦ ጋረድከው!"

ያቺ የነዳፊዋ ጥያቄ ትዝ አለችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። የተሳሳተው በር የሷ ሳይሆን የሱ ነበር። የእናቱን ጆሮ መድከም እንኳ ልብ አላለም። በግልጽ ለጠየቀችው ልጅ በቀልድ መልሶ፣ ቆይቶ ደግሞ እንጀራዋን ሊያሳጣት ነው። ተነስቶ ሪዙን ሙልጭ አድርጎ ተላጨና ለነዳፊዋ በቪዲዮ ደወለላት።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ነግረሽኝ ሳቅኩብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እንደ ድሮው ቤትሽ ሆነሽ ሥሪ።"

አፉን እስኪገጥም ጠበቀችው።

"አንዲት ቃል አላመለጠችኝም ጋሼ" አለች። "ግን ያዋረዱኝ በስብሰባ ላይ ነው።"

ሰኞ ጠዋት ስብሰባው ሲከፈት ሁሉም የተላጨውን ፊት አይቶ በሳቅ ፈነዳ። አለቃው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ካሜራው አስጠግቶ ይቅርታውን ከሀ ጀመረ።