ያሬድ ጎል የሳተበት ፌራጎስቶ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም። ለሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እንዲያውም ከሁሉ በላይ የደበቅሁት ከእሳቸው ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ግማሹንም ረስቼዋለሁ። ጽሑፉ ቢንጋደድ ታገሡኝ። በደሉ ግን ቀጥ ያለ ነው። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ሮም ያላችሁ አበሾች የያሬድን ስም ታውቃላችሁ። ካምፖ ላይ፣ ኳስ ሜዳው ላይ፣ አንዱ ባዶ ጎል ሲስት «ያሬድ ነህ እንዴ!» ትሉ የለ? ባለፈው ሰሞን አንድ ትናንት የመጣ ጎረምሳ፣ ያሬድን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ፣ ጓደኛውን እንዲህ ብሎ ሲሰድበው ሰማሁ። ቤቴ ገባሁና ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ስሙን የስድብ ስም ያደረገው ማን ነው? እኔ ነኝ።

ያሬድ የቡድናችን ቀኝ ክንፍ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኳስ ሲይዝ ግን የሚያስደስት ልጅ። ፈረንጆቹ ፌራጎስቶ በሚሉት የነሐሴ በዓላቸው ሥራ ሁሉ ስለሚዘጋ፣ ያን ዓመት የስደተኛ ቡድኖች ዋንጫ ተዘጋጀ፤ ጠዋት አራት ሰዓት ግማሽ ፍጻሜ፣ ቀን ሰባት ሰዓት ፍጻሜ። የቡድኑ አምበል በረከት ካንቲየሬ፣ ሕንፃ ሥራው ላይ፣ የግንበኞች አለቃ ነው። ከበዓሉ በኋላ ያሬድን በኮንትራቶ ሊያስቀጥረው ቃል ገብቶለት ነበር። ኮንትራቶ ከሌለ ደግሞ የያሬድ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም። ልጁ በዚያ ቃል ላይ ነበር ተንጠልጥሎ የሚኖረው።

አሎራ፣ እንግዲህ ቀኑ ፍልሰታ ውስጥ ነው የዋለው። ያሬድ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም ሳይቀምስ ነው የሚጾመው። በዋዜማው ወደ እኔ መጣ። «ጋሽ ታዬ፣ እኔ ፈራሁ። እርስዎ ከቄሱ ጋር ቅርብ ነዎት፤ ለነገ ብቻ ውሃ እንኳ ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ይጠይቁልኝ» አለኝ። በሽማግሌ ማስጠየቅ በእኛ ዘንድ ያለ ነው። ቄሱ የእኔም ንስሐ አባት ናቸው፤ ሄድኩ፤ ጠየቅሁ። ቄሱ ሳያቅማሙ «በዚያ ፀሐይ ሊሮጥ? ይብላ፣ ይጠጣ፤ የጾም ምግብ እስከ ሆነ ድረስ ፈትቼዋለሁ በለው» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩት? «አልፈቀዱም» አልኩት።

ለምን? ስንት ሌሊት ጠይቄዋለሁ ራሴን። ክፋት ነው እንዳልል ልጁን እወደው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔ ስኳር በሽታ አለብኝ፤ እኚሁ ቄስ በሰዓቱ እንድበላ ፈቅደውልኛል። ስበላ አፍራለሁ። በልጅነቴ ከአዋቂ እኩል የጾምኩ ሰው፣ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ዳቦ በሻይ! ታዲያ ይህ ጎረምሳ፣ ጉልበት ያለው፣ ሲፈቀድለት ቆሽቴ አረረ። አንዱ እንኳ እንደ ድሮው ይጹም አልኩ። በእሱ ሆድ እኔ ልጾም ፈለግሁ። ይኸው ነው። በቄሱ አፍ ዋሽቼ በሰው ልጅ ጉሮሮ ጾምኩ።

ጠዋት ያሬድ እንደ ነፋስ ሮጠ፤ ጎልም አገባ። እኔም በሆዴ «አየህ፣ ጾም አይገድልም» አልኩ። ደስ አለኝ፤ ይህንንም ጻፍኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በፍጻሜው ግን፣ ከፔሩዎች ጋር፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጓደኞቹ ጠርሙስ ያንቆረቁራሉ፤ እሱ ውሃውን አናቱ ላይ አፍስሶ ጠርሙሱን ይመልሳል። አየሁት። ከተቀመጥኩበት የዛፍ ጥላ ተነስቼ ሃያ እርምጃ ብሄድና «ጠጣ፣ ተፈቅዶልሃል» ብለው ያበቃ ነበር። ሃያ እርምጃ! አልተነሳሁም። ውሸቴ ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ውሃዬን ጠጣሁ።

አንድ ለዜሮ እየተመራን ሁለት ያለቀለት ኳስ ሳተ። በመጨረሻ በረከት ራሱ ከግራ አሻገረለት፤ በረኛው ወድቋል፤ ጎሉ ባዶ ነው። የያሬድ እግር ኳሱ ካለፈ በኋላ መጣ። እዚያው ተንበረከከ። ተሸነፍን።

ማታውን ፒያሳ ቪቶሪዮ አትክልቱ ስፍራ ቲፎዞው ሁሉ ተሰበሰበ። ክርክሩ የፍርድ ቤት ይመስል ነበር።

«ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው፣ ለምን አልቀየረውም?»

«ሂድ ወዲያ! ባዶ ጎል አሰልጣኝ ምን ያድርግልህ? አያቴም ታገባው ነበር!»

«አያትህን አስፈርማት እንግዲያ!»

ተሳቀ። በረከት አልሳቀም። «አንድ ሰዓት መሮጥ ያቃተው ሰው እኔ ጋ ስሚንቶ ይሸከማል?» አለ። በገበያው ቅመም የምትሸጠው ለተብርሃን ብቻ ተቆጣች። «ልጁ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ አላያችሁም? ውሃ ሲጠጣ ያየ ሰው አለ? ይህን ልጅ አሞታል!» ያመነቱ መሰለኝ። ወደ እኔ ዞረች፤ «እርስዎ እንደ አባቱ ነዎት ጋሽ ታዬ፤ ምን ይላሉ?»

ሁሉም እኔን አየ። ያን ጊዜ ብናገር ሁሉም ይድን ነበር። እኔ ግን «ምንም አላመመውም። ስንፍና ነው» አልኩ።

ከእኔ ወዲያ ማን ይከራከር? ሽማግሌ ተናገረ፣ አለቀ። ቀና ስል ያሬድ ከአግዳሚው ኋላ ቆሟል። ሰምቶኛል። «ጾሜ ነው» ቢል ማን ይከለክለው ነበር? አላለም። ጾመኛ ጾሙን አያወራም፤ ይህንንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በረከት ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠ። አልፈርድበትም፤ በእኔ ቃል ነው የፈረደው። ፔርሜሶው ሊያልቅ ሲል ያሬድ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ሊሄድ ተነሳ። ቲቡርቲና አውቶቡስ ተራ የሸኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዲት ቦርሳ ይዟል። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመና «ቄሱን ስለጠየቁልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ እሳቸው ባይፈቅዱም እርስዎ ለእኔ ብለው ሄደዋል» አለኝ። እዚያ ቦታ ላይ እንኳ አፌ አልተፈታም። «በሰላም ግባ» ብዬ መረቅሁት። እንዲህ ባለ አፍ!

በየፋሲካው ንስሐ እገባለሁ። ቁጣዬን፣ ምላሴን፣ ያስቀየምኩትን ጎረቤት እናዘዛለሁ። ይህን ግን እዘላለሁ፤ ቄሱ ፊት ቆሜ «በእርስዎ ቃል ዋሸሁ» ማለት አቃተኝ። መጪውን እሑድ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ለእናንተ የጻፍኩት፣ ልጁን ያዋረድኩት እናንተ ፊት ስለሆነ ነው።

አርጅቻለሁ፣ አሞኛል፣ አልተማርኩም አልልም። ያን ቀንም አሮጌና በሽተኛ ነበርኩ፣ ልዋሽ ስል ግን አልከበደኝም። በረከት፣ አንተን አሳስቼሃለሁ። ለተብርሃን፣ እውነቱን አይተሽ ነበር፣ እኔ አሳፈርኩሽ። ይቅር ብትሉኝ ደግ፣ ባትሉኝም ልክ ናችሁ። ያሬድ ያለበትን እኔ አላውቅም፤ አንዳንዶቻችሁ ጋ ግን ስልኩ አለ ይባላል። ደውሉና ይህን ከላይ እስከ ታች አንብቡለት። ቢሰድበኝ ስሙልኝ፣ ሳትቀንሱ ንገሩኝ። ዝም ካለ ደግሞ እሱ እስኪዘጋው ድረስ እናንተ ስልኩን አትዝጉ።