ሽማግሌ የተላከበት የኮምፒውተር ፈተና

ኤልሳን መጀመሪያ ያየኋት ባለፈው ዓመት በሚያዝያ፣ ጂንካ መናኸሪያ ጭቃ ላይ ተንበርክካ ነው። ከገዘር የመጣው ሚኒባስ ዕቃ ሲያራግፍ የአንዲት አሮጊት ጆንያ ተቀደደና ጎደሬው ተበተነ። ዝናብ ስለነበር ሰው ሁሉ ወደ ጥላው ሮጠ። ይህች ልጅ ግን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ጎደሬውን አንድ በአንድ ለቀመችላት፤ ከመኪናው ሥር የተንከባለለውንም ሾፌሩን አስቁማ አወጣችው። የተቀደደውን ጆንያ በሻርፗ አሰረችና አሮጊቷን በአሪኛ ተሰናብታ ሄደች። ማን እንደሆነች ስጠይቅ፣ «የገዘር ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ታስተምራለች» አሉኝ።

እኔ አናጺ ነኝ። በዚያው ሰሞን የምታስተምርበት የግል ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ የኮምፒውተር ክፍሉን ጠረጴዛዎች እንድጠግን ጠራኝና ተዋወቅን። ፊደል የለየሁት በጉልምስናዬ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ብቻዬን ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚህ ሰው ሲያስተምር ከሰማሁ መዶሻዬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ።

ለጀማሪዎች የምትሰጠው ትምህርት ኮምፒውተርን በተራ በተራ ትእዛዝ ማሠራት ነው፦ ይህን አንብብ፣ ያንን ደምር፣ እስኪያልቅ ድረስ ደጋግም። «ማሽኑ ምንም አያውቅም» ትላቸው ነበር። «ልቡ እንዲነግረው አትጠብቁ፤ ልብ የለውም። ያላችሁትን ብቻ ያደርጋል።» እሷ ራሷ ኮምፒውተር በዓይኗ ያየችው ከአባቷ የእንሰት ማሳ ወጥታ አርባ ምንጭ ለትምህርት ስትሄድ ነው። ተመርቃ ስትመለስ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ነበር አሉ፤ የአገሯን ልጆች ላስተምር ብላ ቀረች።

መብራት ስለማያስተማምን ፈተናው በወረቀት ነው። የዚያ ሴሚስተር ማጠቃለያ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ አልዱባ ገበያ ፍየሎች በአንድ በር እየተከታተሉ ይገባሉ እንበል፤ ኮምፒውተሩ ሁሉንም እንዲቆጥር ትእዛዝ ጻፉለት።

ተማሪዎቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ከሲኒየሮቻቸው የወረሱት መልስ ነበራቸው። ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፣ ኮፒው እንደገና ኮፒ ይደረጋል፣ ከባች ወደ ባች ይተላለፋል። ገሚሱ እሱን ሸምድዶ፣ ገሚሱ በአጤሬራ ይዞ ገባ። ታዲያ አንድ ጊዜ ወረቀቱ ኮፒ ማድረጊያው ላይ ተንሸራቶ የታችኛው መስመር ተቆርጦ ኖሯል። የተቆረጠው «ቁጥሩ ላይ አንድ ጨምር፣ ወደ ቀጣዩ ፍየል እለፍ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ያለ እሱ ኮምፒውተሩ ያችኑ የመጀመሪያዋን ፍየል እያየ ይኖራል እንጂ አንድም አይቆጥርም። ከሁለት ሦስት ልጆች በቀር ክፍሉ በሙሉ መስመር የጎደለውን መልስ ጻፈ። ሙሉቀን የሚባለው ደግሞ ወረቀቱ አናት ላይ የነበረችውን የገጽ ቁጥር ሳይቀር እንደ መጀመሪያ ትእዛዝ አስገብቷታል።

ኤልሳ ወረቀቶቹን እያገላበጠች አሳየችኝ። «ሌላ ሰው ያላመጠውን መልሰው ያጎረሱኝ ነው የሚመስለኝ» አለች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። እኔንም ቀፈፈኝ። ኮፒውን ለጻፉት ሁሉ ኤፍ ሰጠች። የክፍሉ ኃላፊ «ሌላው መምህር ሁሉ ያሳልፋል፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ቢላትም አልቀየረችም። ውጤት ማስገቢያው በሳምንቱ ነበር።

ቅዳሜ የሙሉቀን አጎት፣ ጎረቤቴ አቶ ሽመልስ ደወለልኝ። «ለእርቅ ትፈለጋለህ፤ ጋቢህን ልበስ» አለኝ። እርቅ ላይ መገኘት በረከት ነው ብዬ ምንም ሳልጠይቅ ሄድኩ። ይዞኝ የገባው ኤልሳ የተከራየችው ቤት ነው። ሙሉቀን አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከኋላችን ገባና ተንበረከከ። ያንን ድንጋይ ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ አይቼው አልቅሻለሁ። አሁን ለኤፍ ሲሸከሙት ሳይ ፊቴን አዞርኩ።

«አውርደው፤ ጭቃው ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ነው» አለችው።

«ይቅር ካላልሽኝ አላወርድም፣ ቲቸር።»

«ምን በድለኸኝ?»

በዓይኑ አጎቱን ፈለገ።

«አያችሁ? ድንጋዩንም ከሰው አይቶ ነው የተሸከመው» አለች።

ሽመልስ ጋቢውን አስተካከለ። «ልጄ፣ ያለ አባት ያደገ ነው። ሌሎቹም ደጅ ቆመዋል። ሲ ብትሰጫቸው ካንቺ ምን ይጎድላል?»

«ሲ ከጓዳዬ የማወጣው እህል አይደለም፣ ጋሼ።»

«አንቺስ ወድቀሽ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ይህንኑ ትምህርት፣ እንደነሱ ሸምድጄ።»

«ታዲያ ማን አነሳሽ?»

«ማንም። ደገምኩት። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ቀረሁ።»

«ያም ሆነ ይህ ሽማግሌ አይመለስም» አለ ሽመልስ።

መቀመጥ አቃተኝ። «ለእርቅ ብለህ ነው ያመጣኸኝ» አልኩት።

«ይሄስ እርቅ አይደል?»

«ይሄ ያስጠላል፣ ሽመልስ። እርቁንም አቆሸሽከው።»

«አንተ ሂድና ሚስማርህን ምታ» አለኝ።

በዚህ መሃል ሙሉቀን አንገቱ ዝሎ ድንጋዩን ራሱ አወረደ። «ቲቸር» አለ፣ ቀና ሳይል፤ «የምታስተምሪውን እሰማለሁ። ግን ለአንድ ኮምፒውተር አምስት ሆነን ነው የምንቀመጠው፤ ተራዬ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። የጻፍኩትን ማሽኑ ሲሠራው አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ኮፒው ግን ሰው ሲያሳልፍ አይቻለሁ።»

ከገባን ጀምሮ እውነት የተናገረ እሱ ብቻ ነበር፤ የኤልሳም ፊት ላላ አለ።

«ሲ አልሰጥም» አለች። «ሰኞ ጠዋት በአዲስ ጥያቄ ሁላችሁንም እንደገና እፈትናለሁ፤ የጻፋችሁት ሲሠራም ታያላችሁ። ያኔ የወደቀ ወደቀ፤ ሽማግሌ እንዳይልክብኝ።»

«መብራት ከጠፋስ?» አለ ሽመልስ።

«ይጥፋ።» ወደ እኔ ዞረች። «ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎን አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ሰኞ ይምጡና ማሽኑን ይሁኑልኝ።»

«እኔ? ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም እኮ።»

«እሱ ነው የሚያስፈልገኝ። የጻፉትን አንድ በአንድ አነብልዎታለሁ፤ ሂድ ካሉዎት ይሄዳሉ፣ ቁጠር ካሉዎት ይቆጥራሉ፣ ቁም ካላሉዎት አይቆሙም፤ ግድግዳ ቢያጋጥምዎትም። የራሳቸው ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ በዓይናቸው ይዩት። ብቻ አደራዎን፣ ጋሼ፣ አንጀትዎን ቢበሉትም የዘለሉትን ከራስዎ እንዳይሞሉላቸው።»