ሳሎናችን ውስጥ የታመመው ካምቢዮ

አትላስ ጋ የትራፊክ መብራት ይዞኝ ከፊቴ ከቆመች አሮጌ መኪና የተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት ሽታ ሲመጣ፣ መስኮቴን መዝጋት ሲገባኝ ጭራሽ እስከ ታች አወረድኩት። ያ ሽታ ለእኔ የአባዬ ሽታ ነው።

አባዬ ታሞ ከተነሳ ወዲህ ግራ እግሩ አልታዘዝ ስላለው ፍሪሲዮን መርገጥ አይችልም ነበር፤ ፍሪሲዮን የሌላት አውቶማቲኳ መኪናችን እግሩም ኩራቱም ነበረች። አንድ በጋ ማርሽ ስትቀይር እየነጠረች ሰነበተችና ላምበረት ዳገት ላይ አልሄድም ብላ ቆመች። ያሳየናቸው ጋራዦች ሁሉ መልሳቸው አንድ ሆነ፤ “ካምቢዮውን አውጥታችሁ ጣሉትና በማንዋል ቀይሩት።” ለሌላው ሰው ምክር ነው፤ ለአባዬ ግን ከእንግዲህ ቤትህ ቁጭ በል ማለት ነበር። ከሰው ጋር ማውራት ተወ።

“እስቲ እኔ ልየው” ያሉት ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መካኒክ። ዘይቱን እያከፋፈለ ማርሽ የሚያስቀይረውን፣ ቫልቭ ቦዲ የሚሉትን ክፍል ፈተው አወረዱና፣ “አቧራ ከነካው ልፋታችን ገደል ገባ” ስላሉ ሥራው ሳሎናችን ገባ። እማዬ ወለሉን አጥባ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ነጭ አንሶላ አነጠፈች። በቤንዚን የታጠቡት ሞላዎች፣ ከብይ ያነሱት የብረት ኳሶች፣ ጣት የሚያህሉት ቫልቮች እንደ አወጣጣቸው ተደረደሩ፤ እኛ ልጆች ለማስነጠስ እንኳ ጓሮ እንሄድ ነበር።

እማዬ በር ላለመክፈት ስትል ያንኳኳውን ሁሉ “የታመመ ሰው አለብን” እያለች መለሰች። የዋህ! የታመመ ሰው አለ ተብሎ ማን ቤቱ ይቀመጣል? አመሻሹ ላይ ሰፈሩ ሙዙንና ብርቱካኑን አንጠልጥሎ፣ አጥሚቱን በፔርሙስ ይዞ ከች አለ። ገብተው ብረት ላይ ያጎነበሱትን አባዬንና ጋሽ ከድርን ሲያዩ እማዬ መሬት ብትውጣት በወደደች። አንዳንዱ ሳቁን አፈነ። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም፤ አባዬን አየት አድርገው፣ “እግዜር ምሕረቱን ያውርድላችሁ” ብለው ብርቱካናቸውን አስቀመጡ። አባዬ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጋሽ ከድር የደከሙትን ሞላዎችና ያለቁትን ላስቲኮች ቀይረው ገጠሙት። በማግስቱ አባዬ ሁላችንንም ጭኖ ወጣ፤ ማርሹ ሲቀየር አልተሰማንም። ቦሌ መድኃኔዓለምን ከመኪና ሳንወርድ ተሳልመን ተመለስንና ቤታችን ስንደርስ አባዬ በሩን አልፎት ሄደ።

“ኧረ አለፍከው!” አለች እማዬ።

“አውቃለሁ” አለ።

ዞሮ መጥቶ እንደገና አለፈው። ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ስንዞር ዋልን።

አባዬ ካረፈ ቆየ፤ ያን ቤትም ፎቅ በልቶታል። ዛሬ እኔም እነዳለሁ፣ ሁለቱም እግሮቼ ደህና ናቸው፣ የምሄድበትም በሰዓቱ እደርሳለሁ። የቤቴን በር አሳልፎ የሚያስነዳኝ ደስታ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።