አድሚራል ኤዶሳና አሮጌው ላፕቶፕ

እዚህ ባሕር ማዶ ከፎርት ስኔሊንግ እስከ ኢገን ከተማ ያለህ ወገኔ፣ መሪ የጨበጥክም አውቶቡስ የምትጠብቅም፣ ጆሮህን ስጥ! የኖኮሚስ ሐይቅ ዋና አድሚራል፣ የአንዲት ጀልባ ጌታ፣ የሁለት ሸራ ባለቤት፣ በሥራ ቀን የኤርፖርት ፓርኪንግ መንገደኛ አመላላሽ ሻትል የሚነዳው ኤዶሳ፣ አሮጌ ላፕቶፑን ከጀልባው ላይ እንደማያወርድ አስታውቋል። አልስማማም የሚል ካለ ከሚስቱ ከሲምቦ ጀርባ ይሰለፍ። ሰልፉ ረጅም ነው።

አድሚራሉ አጭር ነው፤ ሻትሉን ሲነዳ ከውጭ የሚታየው ባርኔጣው ብቻ ነው። ጀልባዋም ባለቤቷን ትመስላለች፤ አራት ሰው ስትጭን ታምጣለች። ሐይቁ ደግሞ፣ ከዚህ ዳር ቆመህ ብታስነጥስ ከዚያኛው ዳር «ይማርህ» የሚሉህ ዓይነት ነው። በዚህ ውሃ ላይ መንገድ የጠፋው ዳክዬ እንኳ ታይቶ አይታወቅም። ኤዶሳ ግን ያለ ላፕቶፕ አይንቀሳቀስም።

ላፕቶፑን ያገኘው አንድ ቢሮ አሮጌ ዕቃውን ሲያራግፍ ነው። ክዳኑ ሲከፈት እንደ ጎተራ በር ሲጢጥ ይላል። ባትሪው አርባ ደቂቃ ይቆያል፤ እሱም ከተለማመጡት። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ አድሚራሉ ሐይቁን የሚያቋርጠው፣ ባሕር ዛፍ እንደሚታጠን ጉንፋናም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው። የሚያዩት ፈረንጆች አዝነው እጃቸውን ያውለበልቡለታል።

ታዲያ ምን ይሠራለታል? እዚህ ላይ እንኳ ሳቁን ትንሽ እንያዘው። ኤዶሳ ሦስት በጋ ሙሉ፣ ከሥራ ሲወጣ፣ የእርሳስ ብረት የታሰረበት ገመድ ውሃው ውስጥ እየጣለ ጥልቀቱን ለክቷል። እዚህ ስድስት ጫማ፤ እዚህ አሸዋ፤ እዚህ ሳር፤ እዚህ የሰመጠ ግንድ። ሁሉንም በላፕቶፑ ላይ በነጥብ በነጥብ አስፍሮ የራሱን ካርታ ሠራ። ካርታውን የሚከፍተው ፕሮግራም ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር ያረጀ ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮት እንቢ ብሎታል። ላፕቶፑ ከወረደ ሦስቱ በጋ አብረው ይወርዳሉ።

ሲምቦ፣ ኢገን በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት የምትሠራው ባለቤቱ፣ ይህ አልታያትም።

«ኤዶሳ፣ ስልክ የሚባል ነገር ተፈልስፏል፤ ወሬው አልደረሰህም?»

«ስልክሽ ሐይቁን የሚያውቀው ሰማያዊ መሆኑን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ቀለም ይሁንልህ?»

የንዴቷ ሥር ግን ሌላ ነው። ጀልባዋ ላይ ያለው ደረቅ ትራስ አንድ ነው፤ እሱ ላይ የሚቀመጠው ላፕቶፑ ነው። ሲምቦ ሦስት በጋ ሙሉ የተቀመጠችው የበረዶ ሳጥን ላይ ነው። «እኔ ባለ ትዳር፣ እሱ ባለ ትራስ!» ብላ ለሰው ሁሉ ተናገረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ቴክኒሺያን ይጠራ ነበር። እኛ ሽማግሌ ጠራን። ኦቦ ኦዳ፣ በሪችፊልድ ስንት የፈረሰ ትዳር የጠገኑት ባለ ነጭ ጢም፣ ዳኛ ሆኑ፤ አቶ ኢያሱ፣ ነገር የማያልፈው የአዲስ አበባ ልጅ፣ ረዳታቸው ሆነ። ኦቦ ኦዳ ጉዳዩን ሰምተው፣ «የክርክሩን ንብረት ሳያዩ አይፈረድም፤ ቦታው ድረስ እንሂድ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ መሃል ናቸው። ኦቦ ኦዳ ሙሉ ልብስ በክራባት፣ ከላዩ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ላይፍ ጃኬት ደርበው፣ ላፕቶፑን ሊመረምሩ ጎንበስ ብለው የጀልባዋ ጓዳ ገቡ። ሦስቱ ውጭ በአንድ ወገን ተደርድረው ይጠብቃሉ። ኤዶሳ መሪውን ይዟል። ሲምቦ ስልኳን በእጇ ጨብጣ ለአቶ ኢያሱ ታስረዳለች፤ «ይሄ እኮ ሁሉንም ይሠራል። ውሃ እንኳ አይፈራም!»

በዚህ መሃል ኦቦ ኦዳ ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ከጓዳው ብቅ አሉ።

እንግዲህ አባት ያሳደገው ሰው፣ ሽማግሌ ብቅ ሲል ምን ያደርጋል? ሦስቱም ባንዴ ብድግ!

«ኖር!»

አድሚራሉም መሪውን ለቆ ተነሣ። ጀልባዋ ይህን ሥርዓት አልተማረችም፤ ወደ አንድ ጎን ጋደም አለች። ኦቦ ኦዳም ያደጉ ሰው ናቸው፤ «በእግዜር! ኧረ አትነሡ!» ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ላፕቶፑን ለብቻው መያዝ የግራው ሥራ ሆነ። ግራው አልቻለም።

ላፕቶፑ ወደ ውሃው ሲንሸራተት ሲምቦ በሁለት እጇ ቀልባ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሁለት እጅ ማለት ግን ስልክ የያዘውንም ይጨምራል። ስልኩ ውሃ አይፈራም ብላ ነበር፤ እውነትም አልፈራም፤ ዘሎ ገባ።

«ለምን ያዝሽው?» አለ ኤዶሳ፣ ዓይኑን ማመን አቅቶት።

«እኔ ምን አውቃለሁ! እጄ ነው!»

አቶ ኢያሱ ፈጥኖ በራሱ ስልክ የእሷን ፈለገ። ካርታው መጣ። «እ... ሰማያዊ ነው» አለ።

ኤዶሳ ላፕቶፑን ከሚስቱ እቅፍ ቀስ አድርጎ ወሰደ፤ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ሲጢጥ። 

«ዘጠኝ ጫማ» አለ ድምፁ ከብርድ ልብሱ ሥር። «አሸዋ ነው፤ ሳር የለበትም። ምልክት አድርጌበታለሁ።»

«አውጣው ታዲያ!» አለች ሲምቦ።

ብርድ ልብሱ፣ «ዋና አልችልም» አለ። አቶ ኢያሱ ጫማውን ማየት ጀመረ። ኦቦ ኦዳም፣ «እኔ ደገኛ ነኝ» አሉ።

«ታዲያ ላፕቶፑ ምን ጠቀመ?» አለ አቶ ኢያሱ። «የጠፋውን ያውቃል እንጂ አያወጣም!»

«አንተስ ከዚህ በምን ትሻላለህ?» አሉት ኦቦ ኦዳ፤ ቀጥለውም ፈረዱ። እስከ መጪው ቅዳሜ ስልኩ ከምልክቱ ላይ ከተገኘ፣ ላፕቶፑ ጀልባዋ ላይ ይኖራል፤ ካልተገኘ አሮጌ ዕቃ የሚሰበሰብበት ሪሳይክሊንግ ይገባል። ትራሱ በሁለቱም መንገድ የሲምቦ ነው። ፍርዱን ሲሰሙ ማንም አልተነሣም፤ ተምረዋል።

ኤዶሳ ከዚያ ወዲህ ሻትሉ ውስጥ የሚገባውን መንገደኛ ሁሉ፣ ዋናተኛ ይሆን እያለ፣ ትከሻ ትከሻውን ያያል።

አንባቢዬ፣ አንተም እስካሁን ዳር ቆመህ ስትስቅ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ኖኮሚስ ና፤ ቶሎ ግን፣ ባትሪው አርባ ደቂቃ ነው። ጀልባዋ ላይ ስትወጣ ማንም ካልተነሣልህ አትቀየም። ብቻ ከመምጣትህ በፊት አንዲት ነገር ሳትዋሽ ንገረኝ፤ ዋና ትችላለህ?